የአትሌቱ ድምፅ የት ይቀመጥ? ኮሚሽን፣ የሥራ አስፈጻሚ ወንበር፣ ማኅበር ወይስ ፕሬዚዳንትነት

የብሔራዊ ቡድን ዝርዝር ወጥቶ ስሟን ያጣች ሯጭ፣ ክለቡ ደመወዝ ያቆመበት ጦር ወርዋሪ፣ የሽልማት ገንዘቡ ማናጀሩ ጋር የቀረበት የጎዳና ሯጭ፣ ሦስቱም «ለአትሌት የሚቆም የለም» ይላሉ። ቅሬታቸው አንድ ይመስላል፤ መፍትሔው የሚገኝበት በር ግን የተለያየ ነው። አትሌቶች ተወካይ ሲመርጡ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሰው ይመርጡና ችግሩን ሊፈታ በማይችል ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ከዓመት በኋላ ሰውየው «ምንም አልሠራም» ተብሎ ይወቀሳል።

አትሌት በስፖርት አስተዳደር ውስጥ ድምፁን የሚያሰማባቸው ዋና መንገዶች አራት ናቸው፦ የአትሌቶች ኮሚሽን፣ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ወንበር፣ ከፌዴሬሽኑ ውጪ የሚቆም ማኅበር፣ እና ራሱ ፕሬዚዳንትነቱ። እዚህ የምናወዳድራቸው በዋናነት በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ዓይን ነው፤ ሆኖም ሌሎች አገሮች የሞከሩት ብዙ ስለሚያስተምር እነሱንም እናነሳለን። ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ ግሪጎሪያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወንበሩ በፊት፦ ይህን የወሰነው ማን ነው?

ቅሬታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከሥሩ ውሳኔውን የሰጠው አካል ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ደንብ ላይ ተመሥርቶ እንደወሰነና ደንቡን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ጻፉ። እነዚህን መሙላት ካቃተ ገና የውክልና ጥያቄ ላይ አልተደረሰም፤ መጀመሪያ ደንቡን ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመጋቢት 2019 የዓለም አትሌቲክስ አስተዳዳሪ አካል ከ2020 ጀምሮ ዳይመንድ ሊግ በተባለው ዓመታዊ ተከታታይ ውድድር የሚሮጠው ረጅሙ ርቀት 3,000 ሜትር እንደሚሆን አስታወቀ። 5,000 ሜትር ለኢትዮጵያውያን እንጀራ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ያለ ማንኛውም የፌዴሬሽን ወንበር ይህን ውሳኔ በድምፅ ሊሽረው አይችልም ነበር፤ የተወሰነው ሌላ ቦታ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 200 ሜትር፣ 3,000 ሜትር መሰናክል፣ ዲስከስና ሱሉስ ዝላይ ከውድድሩ ሲቀነሱ፣ አሜሪካዊው የሱሉስ ዝላይ ሻምፒዮን ክርስቲያን ቴይለር ሌሎች አትሌቶችን አስተባብሮ ነጻ የአትሌቶች ማኅበር መሠረተ። ውሳኔው የተሰጠው ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ስለነበረ ምላሹም እዚያው መሰጠት ነበረበት። የቡድን ምርጫ መስፈርት በአንጻሩ አገር ውስጥ የሚወሰን ነው፤ ለዚያ ዓለም አቀፍ ማኅበር ብዙም አይረዳም።

የአትሌቶች ኮሚሽን፦ ለመግባት ቀላል፣ ለማስፈጸም ከባድ

ኮሚሽን ማለት አትሌቶች ከመካከላቸው መርጠው የሚያቋቁሙት፣ ፌዴሬሽኑን ወይም ኦሊምፒክ ኮሚቴውን የሚያማክር አካል ነው። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የራሱን የአትሌቶች ኮሚሽን ያቋቋመው በ1981 ባደን ባደን ላይ ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ ነው። እዚያ በአትሌቶች ስም ከተናገሩት መካከል ቶማስ ባህ እና ሰባስቲያን ኮ ይገኙበታል። አንዱ በኋላ የኦሊምፒክ ኮሚቴው፣ ሌላው የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ኬንያዊው ኪፕቾጌ ኬይኖም ከመጀመሪያዎቹ የኮሚሽኑ አባላት አንዱ ነበር። እንግዲህ ኮሚሽን መሪ የሚወጣበት ቦታ መሆኑ በተግባር ታይቷል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አሁን የሚወዳደር አትሌት ልምምዱን ሳያቋርጥ ሊሠራበት ይችላል። ስህተት ቢሠራ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። የስብሰባ ሥርዓትን፣ ደንብ ማንበብንና ደብዳቤ መጻፍን የሚማረውም እዚሁ ነው። ገንዘብም የለም አይባልም፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የድጋፍ ክንፍ የሆነው ኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ ለብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴዎች የአትሌቶች ኮሚሽን ሥራ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ይደግፋል። ገንዘቡ የሚጠየቀው በኦሊምፒክ ኮሚቴው በኩል ነው፤ ዕቅድ ያላቀረበ ኮሚሽን አያገኘውም።

ድክመቱ ደግሞ ኮሚሽን ይመክራል እንጂ አይወስንም። ምክሩ መቼ እንደሚጠየቅ ደንቡ ካልተናገረ፣ የሚጠየቀው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ኮሚሽን ሲቋቋም መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ መግባት ያለበት አንቀጽ ይህ ነው፦ የቡድን ምርጫ መስፈርት፣ የዲሲፕሊን ደንብ፣ የሽልማት ክፍፍልና የውድድር ካላንደር ከመጽደቃቸው በፊት ቢያንስ 21 ቀን ቀድመው ለኮሚሽኑ ይቀርባሉ፤ ሥራ አስፈጻሚው ምክሩን ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ይህ አንቀጽ የሌለው ኮሚሽን በበዓል ቀን ከእንግዶች ጋር ፎቶ ከመነሳት አያልፍም።

ምርጫው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ኮሚሽኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት ገና ሲወለዱ ስለሆነ። አባላቱን ፌዴሬሽኑ ራሱ «ጎበዝና ጨዋ ልጆች» ብሎ ከሾማቸው አትሌቱ አያምናቸውም። አብዛኞቹ በአትሌቶች መመረጥ አለባቸው። ለአትሌቲክስ 7 ወይም 9 አባላት ይበቃሉ፦ ከአጭር ርቀት፣ ከመካከለኛና ረጅም ርቀት ትራክ፣ ከጎዳናና ማራቶን፣ ከሜዳ ተግባራት፣ ከእርምጃ፣ እንዲሁም ከአካል ጉዳተኞች ስፖርት የሚወከል ሰው ቢኖር፣ የሴቶች ቁጥርም ከግማሽ ባያንስ ይመረጣል። የሜዳ ተግባራት ወንበር ለብቻው ካልተከለለ በኢትዮጵያ ሁኔታ ኮሚሽኑ በሙሉ ሯጭ ይሆናል፤ የዝላይና የውርወራ ልጆች ችግር ደግሞ ከሯጮቹ ችግር ጋር አይገናኝም።

የምርጫ ሳጥኑን የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ ማስቀመጥ አመቺ ነው፤ ክለቦችና ክልሎች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ግን ማራቶን የሚሮጡት አብዛኞቹ እዚያ አይገኙም፤ ወይ ውጭ አገር ውድድር ላይ ናቸው፣ ወይ ሱሉልታና እንጦጦ ልምምድ ላይ ናቸው። ለእነሱ ሁለተኛ ሳጥን የጠዋት ልምምድ በሚሠሩበት አካባቢ በተለየ ቀን መቀመጥ አለበት። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የእጩው ፎቶ ይኑር፤ ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በትግርኛም ይሁን። ከአርሲ በቆጂ የሚመጣ የ19 ዓመት ልጅ ያልገባውን ወረቀት አሰልጣኙ እንዳሳየው ይሞላዋል። አሰልጣኝና ማናጀር ደግሞ ወደ ሳጥኑ አካባቢ ድርሽ እንዳይሉ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለትንሽ ምርጫ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ኮሚሽኑ በኋላ ከፌዴሬሽኑ ጋር ሲጋጭ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን መረጣችሁ?» የሚል ነው።

የሥራ አስፈጻሚ ወንበር፦ እውነተኛ ድምፅ፣ እውነተኛ ኃላፊነት

እዚህ አትሌቱ አማካሪ ሳይሆን ወሳኝ ነው። በዓለም ዙሪያ አቅጣጫው ወደዚህ እየሄደ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ከ2019 ጀምሮ የአትሌቶች ኮሚሽን ሊቀመንበሩንና አንድ ሌላ አባል፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ሙሉ ድምፅ ያላቸው የምክር ቤት አባላት አድርጓል። በአሜሪካ በ1978 በወጣው ሕግ አትሌቶች በኦሊምፒክ ስፖርት ቦርዶች ውስጥ ቢያንስ 20 በመቶ ድምፅ ነበራቸው። የአገሪቱ የጂምናስቲክስ ቡድን ሐኪም የጾታ ጥቃት ቅሌት ከተጋለጠ በኋላ በ2020 የወጣው ሕግ ድርሻቸውን ወደ አንድ ሦስተኛ ከፍ አደረገው። የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 28 ደግሞ የየአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የተመረጡ የአትሌቶች ተወካዮች እንዲኖሩት ያዛል። ተወካዩ ቢያንስ በአንድ ኦሊምፒክ የተሳተፈ መሆን አለበት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከተሳተፈበት በኋላ ሦስተኛው ኦሊምፒያድ ሲያልቅ፣ ማለትም 12 ዓመት ገደማ ሲሞላ፣ ቦታውን ይለቃል። የዚህ ገደብ ዓላማ ጥሩ ነው። ጫማ ከሰቀለ 25 ዓመት የሞላው ሰው ትናንት ትልቅ አትሌት ነበር ማለት የዛሬውን የጫማ ኩባንያ ውልና የዶፒንግ ቁጥጥር ያውቃል ማለት አይደለም።

የወንበሩ ከባድ ጎን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ የገባ አትሌት ኃላፊነቱ ለድርጅቱ በሙሉ ነው። በጀት ሲጸድቅ፣ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ፌዴሬሽኑ ሲከሰስ እሱም ይጠየቃል። የስብሰባ ሚስጥር ይጠብቃል፤ ለአትሌቶች ሁሉንም ነገር መናገር አይችልም። ይህን ከመግባቱ በፊት ለመራጮቹ ካልነገራቸው ከሦስት ወር በኋላ «ተገዛ» ይባላል።

ሁለተኛው ብቸኝነቱ ነው። በ9 ሰው ኮሚቴ ውስጥ አንድ አትሌት ሐሳብ ሲያቀርብ ደጋፊ ያጣል፤ ደጋፊ ያላገኘ ሐሳብ ወደ ድምፅ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ወንበር ከመቀበል ሁለት መጠየቅ ይሻላል። ሁለት ከሆኑ አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ጉዳዩም ቢያንስ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ስብሰባው ላይ ምን እንደሚገጥመው በቅርበት እንይ። አጀንዳው ምሽት ላይ በቴሌግራም ይመጣል፤ ስብሰባው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ከአጀንዳው ጋር የሂሳብ ሪፖርትና የቡድን ምርጫ መስፈርት ረቂቅ አለ። አዲሱ ተወካይ ሪፖርቱን ሳያነብ ይገባል፣ ሌሎቹ እጅ ሲያወጡ እሱም ያወጣል። በወሩ ጓደኞቹ በዚያ መስፈርት ከቡድን ሲቀሩ እጁን ማውጣቱ ይነገረዋል። ይህ የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን ልምድ ባለማግኘት ነው፤ ስለዚህ አራት ልማዶችን ከመጀመሪያው ስብሰባ መያዝ ይበጃል፦

- ሰነድ ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ እንዲላክ በጽሑፍ መጠየቅ፤ ካልተላከ ያ አጀንዳ ለቀጣዩ ስብሰባ እንዲተላለፍ ሐሳብ ማቅረብ።
- ያልገባውን ነገር ስብሰባው ላይ መጠየቅ። «በዚህ ረድፍ ያለው ወጪ ምንድን ነው?» ማለት ነውር አይደለም።
- ካልተስማማ «የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» ማለት፣ ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅም መያዙን አንብቦ ማረጋገጥ።
- ስብሰባው ባለቀ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ሚስጥር ያልሆነውን ክፍል ለኮሚሽኑ በአንድ ገጽ መጻፍ።

የምርጫ መስፈርቱ ጉዳይ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ቁስል ስለሆነ ለብቻው ይነሳ። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ግለሰብ የሩጫ ውድድር ማሰለፍ የሚችለው 3 አትሌት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ5,000፣ በ10,000 እና በማራቶን ሚኒማ (ለውድድሩ የሚያበቃውን ሰዓት) ያሟሉት ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። ስለዚህ የሚወስነው ሚኒማው ሳይሆን ከሚኒማው በላይ ያለው መስፈርት ነው፦ ፈጣን ሰዓት ነው? የማጣሪያ ውድድር ነው? ወይስ የአሰልጣኞች ግምገማ? ሦስቱም ይሠራሉ። ሰው የሚያስለቅሰው መስፈርቱ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ሲቀየር ወይም ሦስቱ ተደባልቀው ክብደታቸው ሳይጻፍ ሲቀር ነው። የአትሌቶች ተወካይ እዚህ ሊያስገባቸው የሚችሉ ነገሮች ተጨባጭ ናቸው፤ ሰዓት የሚቆጠርበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ ለማራቶን የትኞቹ ውድድሮች ውጤት እንደሚቆጠር፣ የተጎዳ አትሌት እስከ መቼ እንደሚጠበቅ፣ ተጠባባቂው በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ፣ ይግባኝ ለማን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ። ይግባኙን የሚያየው አካል ምርጫውን ያደረገው ኮሚቴ መሆን የለበትም። ሰነዱ ሰዓት መቆጠር ከሚጀምርበት ቀን በፊት ታትሞ ይለጠፍ።

ተወካዩ ራሱ በዚያ ርቀት ለመመረጥ የሚወዳደር ከሆነ የጥቅም ግጭት አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው። ግጭቱን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ከክፍሉ ይወጣል፣ መውጣቱ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፣ ሁለተኛው የአትሌቶች ተወካይ ድምፅ ይሰጣል። ሁለት ወንበር የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን የሚወዳደሩትን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በዶፒንግ ምርመራ ቋት ውስጥ ያለ አትሌት በየቀኑ ለ60 ደቂቃ የት እንደሚገኝ ያስመዘግባል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጎደለ ሕግ እንደጣሰ ይቆጠራል። ለስብሰባ ሌላ ከተማ ሲሄድ አድራሻውን ማስተካከል የረሳ ተወካይ ወንበሩንም ሩጫውንም ሊያጣ ይችላል። የስብሰባው ቀን እንደታወቀ መጀመሪያ አድራሻውን ያስተካክል፤ የጉዞ ትኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከፌዴሬሽኑ ውጪ የሚቆም ማኅበር

የደመወዝ፣ የውል፣ የማናጀር ክፍያና የጉዳት ካሣ ጥያቄ ዋና ቦታው እዚህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮሚሽንም ሥራ አስፈጻሚም የፌዴሬሽኑ አካል ናቸው፤ ከክለብ ወይም ከፌዴሬሽን ጋር ክርክር ሲመጣ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። እግር ኳስ ይህን ቀድሞ ተረድቷል። የዓለም እግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ የተመሠረተው በ1965 ነው። ካናዳ ውስጥ ነጻ የአትሌቶች ማኅበር ከ1992 ጀምሮ አለ። በጀርመን በ2017 የተቋቋመው የአትሌቶች ማኅበር ራሱን ከስፖርት ኮንፌዴሬሽኑ ነጥሎ የራሱን ቢሮና ሠራተኛ ይዟል።

ከውጭ የሚመጣ ግፊት ምን ያህል እንደሚሠራ ጀርመን ሌላም ምሳሌ አላት። በኦሊምፒክ ሰሞን አትሌቶች የግል ስፖንሰራቸውን እንዳያስተዋውቁ ይከለክል የነበረው ደንብ እዚያ የላላው በየካቲት 2019 የአገሪቱ የውድድር ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ይዞ ከመረመረው በኋላ ነው። ዓመታት በውስጥ ምክክር ብዙ ያልተንቀሳቀሰውን ነገር ሕግ አንቀሳቀሰው።

በኢትዮጵያ ሁለት የሕግ መንገድ አለ። የሙያ ማኅበር ለማቋቋም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይሠራል፤ ቢያንስ 5 መሥራቾች፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ጠቅላላ ጉባኤና ምዝገባ ያስፈልጋሉ። ሁለተኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ይህ ሁለተኛው የሚጠቅመው በክለብ ውስጥ በወር ደመወዝ ለሚሠራ አትሌት ነው፤ የኅብረት ስምምነት የመደራደር መብት ያስገኛልና። ውሉ ግን የቅጥር ውል ነው ወይስ የአገልግሎት ውል የሚለውን ጠበቃ አይቶ ይወስን። ከውጭ ውድድር በሽልማትና በመሰለፊያ ክፍያ ለሚተዳደር የጎዳና ሯጭ የመጀመሪያው መንገድ ይስማማዋል።

ማኅበር የሚሞተው በገንዘብ እጦትና በመሪው ስም ነው። መዋጮ ከፌዴሬሽን ከተለመነ ነጻነቱ ያበቃል፤ ስለዚህ መዋጮው ትንሽ፣ ግን የአባላቱ ይሁን። ሁሉም እኩል ይክፈል ማለት ውጭ ወጥቶ የማያውቀውን ታዳጊ ያርቀዋል፤ የክለብ አትሌት ከደመወዙ ትንሽ መቶኛ፣ የውጭ ተወዳዳሪ ከሽልማቱ ትንሽ መቶኛ ቢከፍሉ ይሻላል። ከሚሰበሰበው የመጀመሪያው ወጪ የቢሮ ኪራይ ሳይሆን ውል የሚያነብ ጠበቃ ይሁን። አባል የሚመጣው ውሉን ሲያስነብብ ስለሆነ ነው።

የመሪው ስም ሲባል ደግሞ ኬንያን ማየት ነው። በኅዳር 2015 የኬንያ አትሌቶች የፌዴሬሽናቸውን ዋና መሥሪያ ቤት ሪያዳ ሐውስን ዘግተው ያዙ፤ የአትሌቶቹን የሙያ ማኅበር ይመራ የነበረው የማራቶን የቀድሞ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ዊልሰን ኪፕሳንግ ነበር። በ2020 ኪፕሳንግ ለምርመራ ባለመገኘትና የሐሰት ማስረጃ በማቅረብ 4 ዓመት ታገደ። የአትሌቶቹ ጥያቄ ትክክል ሆኖ ሳለ ማኅበሩ በአንድ ታዋቂ ሰው ስም ላይ ከተንጠለጠለ ስሙ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ለዚህ ነው ሊቀመንበሩ ታዋቂ አትሌት ቢሆንም ዋና ጸሐፊው በደመወዝ የሚሠራ፣ ከውድድር ውጪ የሆነ ባለሙያ እንዲሆን የሚመከረው።

ፕሬዚዳንትነት

በኢትዮጵያ አትሌቶች «ስፖርቱን ስፖርተኛው ይምራው» ብለው ከጠየቁ በኋላ ወደ ላይኛው ወንበር በቀጥታ የመውጣት ልማድ ተፈጥሯል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኅዳር 2016 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ የ4 ዓመት ዘመኑ ሳያልቅ በኅዳር 2018 ለቀቀ። ደራርቱ ቱሉ በተጠባባቂነት ተረክባ በ2020 መጨረሻ በምርጫ ቀጠለች። በታኅሣሥ 2024 ስለሺ ስህን ተመረጠ። ሦስቱም በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያላቸው ናቸው። ይህ ኩራት ነው፤ ግን ወንበሩ ምን እንደሚጠይቅ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት።

ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው አትሌቱ አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ በጉባኤው ክብደት ያላቸው ደግሞ የክልልና የከተማ አስተዳደር ፌዴሬሽኖች ናቸው፣ እጩም የሚቀርበው በእነሱ በኩል ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንት የሆነ አትሌት የመጀመሪያ ተጠሪነቱ ለመረጡት ክልሎች ነው። የአትሌቶች ተወካይ ነኝ ብሎ ከመጣ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱ ጥቅሞች ሲጋጩ ያያል። ከኦሊምፒክ ኮሚቴ ጋር ያለው ግንኙነትም አለ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ዙሪያ በፌዴሬሽኑና በኦሊምፒክ ኮሚቴው መካከል የነበረው አለመግባባት አደባባይ ወጥቶ ሁሉም ያየው ነው። ሠራተኛ ማስተዳደር፣ ኦዲት፣ የመንግሥት በጀት፣ የስፖንሰር ድርድር በልምምድ ሜዳ አይገኙም።

ለማወዳደር ያህል ሌሎች የሄዱበትን መንገድ እንይ። ዚምባብዌያዊቷ ዋናተኛ ከርስቲ ኮቨንትሪ በ2012 ለዓለም አቀፉ የአትሌቶች ኮሚሽን ተወዳደረች፣ በ2013 ገባች፣ በ2018 የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሆነች፣ በዚያው ዓመት በአገሯ የስፖርት ሚኒስትር ሆና ተሾመች። በመጋቢት 2025 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፤ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት። ኮሚሽን ከገባችበት እስከዚህ 12 ዓመት ነው። ፖል ቴርጋትም በ2017 የኬንያ ኦሊምፒክ ኮሚቴን ሲረከብ ከ2013 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበር። ሁለቱም ከላይኛው ወንበር በፊት በሌላ ወንበር ተቀምጠው ተምረዋል። በእኛ እምነት ፕሬዚዳንትነትን የሚያስብ አትሌት ቢያንስ አንድ ሙሉ የ4 ዓመት ዘመን በሥራ አስፈጻሚ ወይም በክልል ፌዴሬሽን ቦርድ አባልነት ማሳለፍ አለበት። ሩጫ ካቆመ ማግስት ወንበሩን መያዝ ለስፖርቱም ለሰውየውም አይበጅም።

ዓለም አቀፍ ኮሚሽን

የኦሊምፒኩ የአትሌቶች ኮሚሽን ምርጫ በኦሊምፒክ መንደር ይካሄዳል። ተወዳዳሪዎች ከተለያዩ ስፖርቶች እስከ 4 እጩ ይመርጣሉ፤ የተመረጠው 8 ዓመት ያገለግላል፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴው አባልም ይሆናል። በፓሪስ 2024 ከ29 እጩዎች አሊሰን ፊሊክስ፣ ኪም ቡኢ፣ ጄሲካ ፎክስና ማርከስ ዳንኤል አልፈዋል። እጩውን የሚያቀርበው ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴው ነው፤ የሚሠራ የአትሌቶች ኮሚሽን የሌለው አገር በሩ ላይ ይቀራል። የኢትዮጵያ ቡድን ትንሽ ስለሆነ ወገን ብቻውን አያስመርጥም፤ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ በሌሎች ስፖርቶችም የሚታወቅ እጩ ያስፈልጋል። የቅስቀሳ ደንቡ ደግሞ ጥብቅ ነው፦ በለንደን 2012 መዶሻ ወርዋሪው ኮጂ ሙሮፉሺና የቴኳንዶው ቹ ሙ ዬን ለመመረጥ የሚያበቃ ድምፅ አግኝተው ሳለ ደንብ ጥሳችኋል ተብለው ተሰረዙ፤ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤትም ይግባኛቸውን አልተቀበለም። ስጦታ፣ በራሪ ወረቀት፣ በተከለከለ ቦታ መቀስቀስ፣ ማንኛውንም ከማድረግ በፊት ደንቡን ማንበብ ነው።

ለየትኛው ወንበር የትኛው ሥልጠና

ለኮሚሽን አባል የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የአትሌቶች መድረክ የሆነው የአትሌት 365 ነጻ የኢንተርኔት ትምህርቶች ለመነሻ ይበቃሉ፤ በስልክ ይሠራሉ፣ ግን በእንግሊዝኛ ስለሆኑ በቡድን ተሰብስቦ አንዱ እየተረጎመ ቢማሩት ይሻላል። ለሥራ አስፈጻሚ አባል ከዚያ በላይ የሚጠቅመው የሂሳብ ሪፖርት ማንበብ ነው። አንድ የሂሳብ ባለሙያ ያለፈውን ዓመት የፌዴሬሽን ሪፖርት ይዞ ሁለት ግማሽ ቀን ቢያስተምር ከብዙ የአመራር ሥልጠና ይበልጣል። ለማኅበር መሪ የድርድርና የሥራ ሕግ እውቀት ይቀድማል። ለፕሬዚዳንትነት ለሚያስብ ደግሞ በኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ የሚደገፈው ሜሞስ የተባለው የስፖርት ድርጅት አስተዳደር የማስተርስ ፕሮግራም አለ፤ የሚያመለክተው በብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል ስለሆነ ከኮሚቴው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ስንመርጥ

አሁን የምትወዳደር፣ 22 ዓመቷ፣ ስብሰባ ገብታ የማታውቅ አትሌት ኮሚሽን ትጀምር። ከጉዳት በኋላ ልምምድ የቀነሰ ወይም ሊያቆም ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሰነድ ማንበብ የማይሰለቸው፣ ከአሰልጣኝም ከማናጀርም ፊት ለፊት መነጋገር የሚችል አትሌት ለሥራ አስፈጻሚ ይታጭ። የክለብ ደመወዝና የማናጀር ውል ያቃጠላቸው ማኅበር ይመሥርቱ፤ ግን የማኅበሩ ሊቀመንበርና የሥራ አስፈጻሚ ተወካይ አንድ ሰው አይሁኑ፤ አንዱ የሚደራደረው ከሌላው ጋር ነውና። አቅም የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ደግሞ ምርጫችን በአትሌቶች የተመረጠ ኮሚሽን፣ ከእሱም ሁለት ሰው ወደ ሥራ አስፈጻሚ በቀጥታ የሚያስገባ የደንብ አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ የሚጸድቀው በጠቅላላ ጉባኤ ስለሆነ ማሻሻያው ከጉባኤው በፊት ደንቡ በሚያዘው ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ በአንድ ክልል ፌዴሬሽን ፊርማ ተደግፎ በጽሑፍ መግባት አለበት፤ ጉባኤው ላይ በቃል የተነሳ ሐሳብ «በሚቀጥለው እናየዋለን» ተብሎ ለሌላ ዓመት ያድራል።